የኤሌክትሮኖች አደረጃጀትና የንዑስ እርከኖች መረጋጋት፤ «ግማሽ የሞላ ይረጋጋል» የሚለው አባባል ሲመረመር

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት የኬሚስትሪ ርእሶች መካከል ኤሌክትሮኖች በአቶም ውስጥ የሚደራጁበት ሥርዓት መሠረታዊውን ቦታ ይይዛል። አንዱ ንጥረ ነገር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረታ ብረት መሆኑ፣ ሌላው ከማንም ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ጋዝ መሆኑ፣ ሦስተኛው ደግሞ ውሃ ሲነካው ወዲያውኑ መንደዱ በአመዛኙ የሚወሰነው በዚህ አደረጃጀት ነው። ስለሆነም ተማሪው ይህን ርእስ በሚገባ ከተረዳ ቀሪውን የኬሚስትሪ ትምህርት የሚያያይዝበት ገመድ ያገኛል፤ በቃል ብቻ ካጠናው ግን ቀሪው ትምህርት ሁሉ የተበታተነ ዝርዝር ይሆንበታል።

ይህ ርእስ ሲሰጥ፣ ማብራሪያ መስሎ የሚታይ አንድ አባባል በየመጽሐፉና በየሰሌዳው ይደጋገማል። እርሱም «ግማሽ የሞላና ሙሉ በሙሉ የሞላ ንዑስ እርከን የተለየ መረጋጋት አለው» የሚለው ነው። ተማሪው የክሮምየም አቶም ከተለመደው ቅደም ተከተል ለምን እንደሚወጣ ሲጠየቅ ይህንኑ ይጽፋል፤ ከናይትሮጅን አቶም ላይ ኤሌክትሮን ማላቀቅ ከኦክስጅን ይልቅ ለምን እንደሚከብድ ሲጠየቅም ያንኑ ይደግማል። ሆኖም ጥያቄው አንድ እርምጃ ተገፍቶ «ግማሽ የሞላው ለምን ይረጋጋል?» ቢባል፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «ግማሽ ስለሞላ» ከማለት አያልፍም። ለአንድ ነገር ስም መስጠት ምክንያቱን መስጠት እንዳይደለ ከዚህ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉ ከየትኛው እውነት እንደመነጨ፣ የት ድረስ እንደሚያገለግልና የት ላይ እንደሚወድቅ በተለኩ ቁጥሮች እየተደገፈ ማስረዳት ነው። በመጨረሻም ርእሱ በክፍል ውስጥ የሚቀርብበትን የተሻለ መንገድ ያመለክታል። ንጥረ ነገሮችንና ንዑስ እርከኖችን ለመጥራት በትምህርት ቤት የተለመዱት ቃላት ይሠራባቸዋል።

1. የአደረጃጀቱ ሐሳብ አመጣጥ

እንግሊዛዊው ጄ. ጄ. ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1897 ኤሌክትሮንን ካገኘ ወዲህ የአቶም ውስጣዊ አሠራር ከፊዚክስ ዋና ዋና ጥያቄዎች አንዱ ሆነ። ኧርነስት ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 የአቶም ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ በመካከሉ ባለው እጅግ ጠባብ ክፍል፣ ማለትም በኑክሌየስ ውስጥ የተከማቸ መሆኑን አስረዳ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1913 ዴንማርካዊው ኒልስ ቦር ኤሌክትሮኖች በተወሰኑ የኃይል ደረጃዎች ላይ ብቻ እንደሚገኙ የሚያስረዳውን ሐሳብ አቀረበ። የቦር ሐሳብ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ላለው ለሃይድሮጅን በሚገባ ቢሠራም፣ ብዙ ኤሌክትሮኖች ላሏቸው አቶሞች ግን አልበቃም።

ይህን ክፍተት የሞሉት በ1920ዎቹ ዓመታት ውስጥ የተከታተሉት ግኝቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1925 ቮልፍጋንግ ፓውሊ በአንድ አቶም ውስጥ ሁለት ኤሌክትሮኖች በሁሉም ረገድ አንድ ዓይነት ሁኔታ ሊይዙ እንደማይችሉ የሚደነግገውን መርሕ አወጣ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ኡለንቤክና ሳሙኤል ሃውድስሚት ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል፣ በሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ሊገኝ የሚችል የራሱ ጠባይ እንዳለው ሐሳብ አቀረቡ። በተከታዩ ዓመት ኤርቪን ሽሬዲንገር ያወጣው ስሌት ደግሞ ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት በመስመር የሚዞር ሳይሆን፣ በኑክሌየስ ዙሪያ በተወሰነ ቅርጽ ተሰራጭቶ የሚገኝ መሆኑን አመለከተ። ይህ የስርጭት ቅርጽ ኦርቢታል ይባላል።

ከእነዚህ ግኝቶች የተገኘው ሥዕል የሚከተለው ነው። ኤሌክትሮኖች በእርከኖች ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ እርከን ደግሞ በንዑስ እርከኖች ይከፈላል። ንዑስ እርከኖቹ ኤስ፣ ፒ፣ ዲ እና ኤፍ በሚባሉ ፊደላት ይጠራሉ። ፊደላቱ የብርሃን ጨረሮችን ያጠኑ ሊቃውንት ለየመስመሮቹ ከሰጧቸው «ስለታም»፣ «ዋና»፣ «የተበተነ» እና «መሠረታዊ» የሚሉ ትርጉም ካላቸው ስሞች የተወሰዱ ናቸው። የኤስ ንዑስ እርከን 1፣ የፒ 3፣ የዲ 5፣ የኤፍ 7 ኦርቢታሎች አሉት። እያንዳንዱ ኦርቢታል ስፒናቸው የተቃረነ 2 ኤሌክትሮኖችን ብቻ ስለሚይዝ፣ ንዑስ እርከኖቹ ሲሞሉ በቅደም ተከተል 2፣ 6፣ 10 እና 14 ኤሌክትሮኖችን ይይዛሉ።

2. የአደረጃጀት ደንቦችና ወሰናቸው

ኤሌክትሮኖችን በየቦታቸው ለመመደብ ተማሪው ሦስት ደንቦችን ይማራል። አንደኛው የፓውሊ መርሕ ነው። ሁለተኛው የጀርመናዊው የፍሪድሪክ ሁንድ ደንብ ሲሆን፣ እኩል የኃይል ደረጃ ባላቸው ኦርቢታሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖች አስቀድመው በየብቻቸው፣ ስፒናቸውንም ወደ አንድ አቅጣጫ አድርገው ይቀመጣሉ ይላል። ሦስተኛው በፈረንሳዊው ሻርል ዣኔና በጀርመናዊው ኤርቪን ማዴሉንግ ስም የሚታወቀው ቅደም ተከተል ነው፤ ይኸውም 1ኤስ፣ 2ኤስ፣ 2ፒ፣ 3ኤስ፣ 3ፒ፣ 4ኤስ፣ 3ዲ፣ 4ፒ፣ 5ኤስ፣ 4ዲ እያለ ይቀጥላል።

እነዚህ ደንቦች በጠባያቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። የፓውሊ መርሕ ፈጽሞ የማይጣስ የተፈጥሮ ሕግ ነው። የሁንድ ደንብ በጣም አስተማማኝ ሲሆን፣ የሚያገለግለውም አቶሙ ዝቅተኛ ኃይል ላይ የሚገኝበትን ሁኔታ ለመለየት ነው። የማዴሉንግ ቅደም ተከተል ግን የብዙ አቶሞችን ሁኔታ የሚያጠቃልል የማስታወሻ ዘዴ ስለሆነ ሃያ ያህል ንጥረ ነገሮች አይታዘዙለትም። አስተማሪው ሦስቱን በእኩል ቃል «ሕግ» ብሎ ከጠራቸው፣ ተማሪው የመጀመሪያውን ልዩ ሁኔታ ሲያገኝ ተፈጥሮ ሕግ የጣሰች ይመስለዋል።

በተለይ 4ኤስ ከ3ዲ አስቀድሞ ይሞላል የሚለው አነጋገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። በፖታስየምና በካልስየም አቶሞች በእርግጥ የሚያዘው 4ኤስ ነው። ከስካንድየም ጀምሮ ግን 3ዲ ዝቅ ያለ የኃይል ደረጃ ይይዛል። ስካንድየም ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲያጣ የሚቀረው ውጫዊ ኤሌክትሮን በ3ዲ እንጂ በ4ኤስ ላይ አይገኝም። ታዲያ ሙሉው አቶም 4ኤስን ለምን ይይዛል? የ3ዲ ኦርቢታሎች ጠባብና ወደ ኑክሌየስ የቀረቡ ስለሆኑ በእነርሱ ውስጥ የሚታጨቁ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው በብርቱ ይገፋፋሉ፤ ሰፊው 4ኤስ ሲያዝ ይህ መገፋፋት ስለሚቀንስ የአቶሙ ጠቅላላ ኃይል ዝቅ ይላል። የሚወስነው የአንዱ ኦርቢታል ደረጃ ሳይሆን የአቶሙ ጠቅላላ ኃይል መሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይገባል። የሚቀጥለው ማብራሪያ በሙሉ በዚህ ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው።

3. «መረጋጋት» ሲባል ከምን ጋር ሲነጻጸር?

መረጋጋት በራሱ የሚቆም ጠባይ አይደለም፤ ሁልጊዜ ሁለት ሁኔታዎችን ማነጻጸርን ይጠይቃል። አንድ አቶም የተረጋጋ ነው ሲባል፣ ወደ ሌላ ሁኔታ ለመለወጥ ከፍ ያለ ኃይል ይጠይቃል ማለት ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች ዋነኛው የአዮናይዜሽን ኃይል ነው፤ ይኸውም በጋዝነት ካለ አቶም ላይ አንድ ኤሌክትሮን ለማላቀቅ የሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን፣ የሚለካውም በኪሎጁል በሞል ነው።

በዚህ መለኪያ አስቀድሞ ሙሉውን ንዑስ እርከን መመርመር ይቻላል። ሂልየም 1ኤስን፣ ቤሪልየም 2ኤስን፣ ማግኒዝየም 3ኤስን ሞልተዋል። የአዮናይዜሽን ኃይላቸው ግን በቅደም ተከተል 2372፣ 900 እና 738 ነው። ሦስቱም ሙሉ የኤስ ንዑስ እርከን ኖሯቸው ሳለ፣ ሂልየም ከማንም ጋር በቀላሉ አይዋሐድም፤ ማግኒዝየም ግን በአየር ውስጥ ደማቅ ነጭ ብርሃን እየሰጠ ይነዳል። ልዩነቱን ያመጣው ኤሌክትሮኖቹ ከኑክሌየስ ያላቸው ርቀት፣ የውስጥ ኤሌክትሮኖች ስበቱን የሚጋርዱበት መጠን፣ እንዲሁም ከሞላው ንዑስ እርከን በላይ ያለው ቀጣይ ደረጃ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ነው። ሂልየም የሚቀጥለው ደረጃ እጅግ ሩቅ ነው፤ ለማግኒዝየም ግን 3ፒ ቅርብ ነው።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ሶዲየም ያሳያል። ከሶዲየም አቶም የመጀመሪያውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 496 ኪሎጁል በሞል ይበቃል፤ ሁለተኛውን ለማላቀቅ ግን 4562 ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ከ3ኤስ የተወሰደ ሲሆን ሁለተኛው ከሞላው 2ፒ የሚወሰድ ነው።

ግማሽ የሞላውንም በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባል። የሶዲየም የ3ኤስ ንዑስ እርከን ሁለት ሊይዝ ሲችል አንድ ብቻ ስለያዘ ግማሽ የሞላ ነው። የፖታስየም 4ኤስም እንዲሁ ግማሽ የሞላ ሲሆን፣ የአዮናይዜሽን ኃይሉ 419 ብቻ ነው። ግማሽ መሙላት በራሱ መረጋጋትን የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ኤሌክትሮናቸውን እጅግ በቀላሉ የሚለቁት እነዚህ ንጥረ ነገሮች ባልሆኑም ነበር። አባባሉ ገና ከመጀመሪያው፣ እጅግ በታወቁት ንጥረ ነገሮች ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ ምክንያቱን ከግማሽነት ውጭ መፈለግ ግድ ይሆናል።

4. የሁለተኛው ረድፍ ቁጥሮች ምን ይናገራሉ?

የ2ፒን ንዑስ እርከን ከሚሞሉት ከስድስቱ ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው የአዮናይዜሽን ኃይል በኪሎጁል በሞል እንደሚከተለው ነው።

ቦሮን (አንድ የ2ፒ ኤሌክትሮን) — 801
ካርቦን (ሁለት) — 1086
ናይትሮጅን (ሦስት) — 1402
ኦክስጅን (አራት) — 1314
ፍሎሪን (አምስት) — 1681
ኒዮን (ስድስት) — 2081

የኑክሌየሱ ፕሮቶኖች በአንድ በአንድ እየጨመሩ ሲሄዱ ስበቱ ስለሚበረታ ኃይሉም ሊጨምር ይገባል፤ በእርግጥም ይጨምራል። ነገር ግን ኦክስጅን ላይ ሲደርስ በ88 ዝቅ ይላል። የተለመደው ማብራሪያ ጣቱን ወደ ናይትሮጅን ይቀስርና «ግማሽ ስለሞላ ከፍ አለ» ይላል። ቁጥሮቹ ግን የሚያሳዩት ሌላ ነው። ከቦሮን እስከ ካርቦን ጭማሪው 285፣ ከካርቦን እስከ ናይትሮጅን 316 ነው። ናይትሮጅን ከመስመሩ ዘልሎ የወጣ ሳይሆን በመስመሩ ላይ የሚገኝ ነው። ከመስመሩ የወደቀው ኦክስጅን ነው። ጭማሪው ባይቋረጥ ኖሮ የኦክስጅን ኃይል ከ1700 በላይ ይሆን ነበር። ከኦክስጅን ወዲያም መስመሩ እንደገና በ367ና በ400 እየጨመረ ይቀጥላል። በሌላ አነጋገር በሁለት ተቀራራቢ አቀበቶች የሚወጡ፣ ሁለተኛው ወደ ታች የተሳበ ሁለት መስመሮች ይታያሉ።

ስለሆነም ትክክለኛው ጥያቄ «ናይትሮጅን ለምን ተረጋጋ?» የሚለው ሳይሆን፣ «የኦክስጅን አራተኛው የ2ፒ ኤሌክትሮን ካለፉት ከሦስቱ የሚለየው በምንድን ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ግልጽ ነው፤ ሦስቱ ኦርቢታሎች ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ በያዘ ኤሌክትሮኖች ስለተያዙ፣ አራተኛው ስፒኑን አዙሮ ከአንዱ ጋር በአንድ ኦርቢታል ለመጣመር የተገደደ የመጀመሪያው ኤሌክትሮን ነው።

5. የልውውጥ ኃይል

ስፒን ኃይልን የሚነካው እንዴት ነው? ከፓውሊ መርሕ እንደሚከተለው፣ ስፒናቸው አንድ አቅጣጫ የያዘ ሁለት ኤሌክትሮኖች በአንድ ሥፍራ ሊገኙ አይችሉም፤ አንዱ ባለበት አካባቢ ሌላው የመገኘቱ ዕድል እጅግ ያነሰ ነው። ስፒናቸው የተቃረነ ኤሌክትሮኖች ግን ይህ ክልከላ የለባቸውም። ስለዚህ ስፒናቸው አንድ የሆኑ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው የሚጋረዱት ባነሰ መጠን ነው፤ ኑክሌየሱም በይበልጥ ይስባቸዋል፤ የአቶሙም ጠቅላላ ኃይል ዝቅ ይላል። በሁለት እንደዚህ ባሉ ኤሌክትሮኖች መካከል የሚገኘው ይህ የኃይል ቅናሽ የልውውጥ ኃይል ይባላል። ስሙ ከስሌቱ አጻጻፍ የመጣ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ እንደሚባለው ኤሌክትሮኖቹ በእርግጥ ቦታ እየተለዋወጡ ይሯሯጣሉ ማለት አይደለም።

የልውውጥ ኃይልን መጠን ለመገመት ስፒናቸው አንድ የሆኑትን ጥንዶች መቁጠር ይበቃል። አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን ጥንድ የለውም፤ 2 ኤሌክትሮኖች 1 ጥንድ፣ 3 ኤሌክትሮኖች 3 ጥንድ፣ 4 ኤሌክትሮኖች 6 ጥንድ፣ 5 ኤሌክትሮኖች 10 ጥንድ ይሠራሉ። አሁን ወደ ስድስቱ ንጥረ ነገሮች ተመልሶ፣ አንድ የ2ፒ ኤሌክትሮን ሲላቀቅ ስንት ጥንድ እንደሚጠፋ ማስላት ይቻላል።

ቦሮን — ከ0 ወደ 0፤ የጠፋ ጥንድ የለም
ካርቦን — ከ1 ወደ 0፤ የጠፋው 1
ናይትሮጅን — ከ3 ወደ 1፤ የጠፉት 2
ኦክስጅን — ከ3 ወደ 3፤ የጠፋ ጥንድ የለም
ፍሎሪን — ከ4 ወደ 3፤ የጠፋው 1
ኒዮን — ከ6 ወደ 4፤ የጠፉት 2

0፣ 1፣ 2፤ እንደገናም 0፣ 1፣ 2። በአራተኛው ክፍል የታዩት ሁለት መስመሮች ምክንያታቸው ይኸው ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን ሲለቅ የሚያጣው የልውውጥ ኃይል የለም፤ በተጨማሪም በአንድ ኦርቢታል ውስጥ ተጣምረው ከነበሩት ከሁለቱ መካከል የነበረው መገፋፋት ይቀርለታል። ናይትሮጅንና ኒዮን ግን እኩል ሁለት ጥንድ ያጣሉ። «ግማሽ የሞላ» እና «ሙሉ የሞላ» የሚባሉት ሁለቱ ሁኔታዎች የሚመሳሰሉበት ምሥጢር ይህ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ በአንድ የስፒን አቅጣጫ የሚሰለፉት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ከመጨረሻው ወሰን ደርሷል። የሶዲየምና የፖታስየም ነገርም በዚሁ ይፈታል፤ በኤስ ንዑስ እርከን ውስጥ ያለ ብቸኛ ኤሌክትሮን በዚያው ንዑስ እርከን ጥንድ ስለሌለው፣ ግማሽ መሙላቱ የሚያስገኝለት ጥቅም የለም።

የዚህ ቅናሽ ዋጋ በሁሉም ስፍራ እኩል አይደለም። በሦስተኛው ረድፍ ፎስፎረስ 1012፣ ሰልፈር 1000 ስለሆነ ልዩነቱ 12 ብቻ ነው። የ3ፒ ኦርቢታሎች ከ2ፒ ይልቅ ሰፊ በመሆናቸው ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርሳቸው የሚነካኩበት ሁኔታ ይቀንሳል። ግማሽነቱ በሁለቱም ረድፍ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ መለያየቱ፣ የሚሠራው የኤሌክትሮኖች መጠጋጋትና መራራቅ እንጂ ግማሽነቱ አለመሆኑን ያረጋግጣል።

በዲ ንዑስ እርከን ውስጥም ይኸው ስሌት ይሠራል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ያጣ ማንጋኒዝ 5 የ3ዲ ኤሌክትሮኖች፣ ሁለት ያጣ ብረት 6 ይቀሩታል። ሦስተኛውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ ለማንጋኒዝ 3248፣ ለብረት ግን 2957 ኪሎጁል በሞል ይጠየቃል። ብረት አንድ ፕሮቶን ትርፍ ኖሮት ሳለ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ መልቀቁ፣ ማንጋኒዝ 4 ጥንድ ሲያጣ ብረት ምንም ባለማጣቱ ነው። ሌሎች ምክንያቶች ቢታከሉበትም፣ ብረት በአየርና በእርጥበት ውስጥ ሦስት ኤሌክትሮኖች አጥቶ ወደ ዝገት በቀላሉ መለወጡ፣ በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች የሚታየው አፈርም ቀይ መሆኑ ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ለሁለቱም ቀለም የሚሰጠው ሦስት ኤሌክትሮኖች ያጣ ብረት ነውና።

6. ክሮምየምና መዳብ

በማዴሉንግ ቅደም ተከተል መሠረት የክሮምየም ውጫዊ አደረጃጀት 3ዲ⁴ 4ኤስ² ሊሆን ይገባ ነበር፤ በመለኪያ የተገኘው ግን 3ዲ⁵ 4ኤስ¹ ነው። የሁለቱ የኃይል ልዩነት 0.96 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። አንድ ኤሌክትሮን ከ4ኤስ ወደ 3ዲ ሲዛወር በ3ዲ ውስጥ ያሉት ጥንዶች ከ6 ወደ 10 ያድጋሉ፤ በ4ኤስ ውስጥ የነበረው የጥምረት መገፋፋትም ይወገዳል። ስድስቱም ውጫዊ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያደርጉ የ4ኤሱ ኤሌክትሮንም ከአምስቱ ጋር ጥንድ ይሆናል። በአንጻሩ ጠባቡ 3ዲ ተጨማሪ ኤሌክትሮን ሲቀበል የሚከፈል የመገፋፋት ዋጋ አለ። ጥቅሙና ዋጋው ሲመዛዘን በክሮምየም ጥቅሙ ያመዝናል።

እዚህ ላይ ከብርሃን ጨረር ልኬት የተገኘ አንድ ቁጥር ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የክሮምየም 3ዲ⁵ እንዳለ ሆኖ የ4ኤሱ ኤሌክትሮን ብቻ ስፒኑን ቢያዞር፣ የአቶሙ ኃይል በ0.94 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ይላል። ይህም ከ3ዲ⁴ 4ኤስ² ጋር እኩል ለመሆን 0.02 ብቻ የቀረው ነው። ግማሽ የሞላው 3ዲ በሁለቱም ጊዜ አልተነካም፤ ሆኖም የአንድ ኤሌክትሮን ስፒን መዞር ጥቅሙን ከሞላ ጎደል አጥፍቶታል። ስለሆነም የክሮምየምን ልዩ ሁኔታ የሚያስረዳው ግማሽ የሞላው ንዑስ እርከን ብቻ ሳይሆን የስድስቱ ኤሌክትሮኖች ስፒን በአንድነት መሰለፉ ነው።

መዳብ ዘንድ ሁኔታው ይለያል። የመዳብ 3ዲ¹⁰ 4ኤስ¹ ከ3ዲ⁹ 4ኤስ² በ1.39 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ዝቅ ይላል። በ3ዲ ውስጥ ያሉት ጥንዶች ከ16 ወደ 20 ከፍ ማለታቸው የራሱ ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን የ3ዲ ኤሌክትሮኖች እርስ በርሳቸው የኑክሌየሱን ስበት በሚገባ ስለማይጋርዱ፣ ከስካንድየም እስከ መዳብ ፕሮቶኖች በጨመሩ ቁጥር 3ዲ ከ4ኤስ ይልቅ በፍጥነት ወደ ታች መውረዱ ነው። መዳብ ላይ ሲደርስ 3ዲ ከ4ኤስ በጣም ዝቅ ስላለ መሙላቱ የሚጠበቅ ሆኗል።

7. አባባሉ የሚወድቅባቸው ሥፍራዎች

አንድ አባባል ሕግ ለመባል፣ ከተገኘባቸው ሁለት ምሳሌዎች አልፎ ሌሎቹንም ማስረዳት ይኖርበታል። ከክሮምየምና ከመዳብ ቀጥሎ ያለው ረድፍ ይህን ለመፈተን ያመቻል። ከኢትሪየም እስከ ካድሚየም ካሉት አሥር ንጥረ ነገሮች ስድስቱ ከማዴሉንግ ቅደም ተከተል ይወጣሉ፤ እነርሱም፦

ኒዮቢየም — 4ዲ⁴ 5ኤስ¹
ሞሊብዲነም — 4ዲ⁵ 5ኤስ¹
ሩቲኒየም — 4ዲ⁷ 5ኤስ¹
ሮዲየም — 4ዲ⁸ 5ኤስ¹
ፓላዲየም — 4ዲ¹⁰
ብር — 4ዲ¹⁰ 5ኤስ¹

ከስድስቱ ውስጥ ለአባባሉ የሚስማሙት ሞሊብዲነም፣ ፓላዲየምና ብር ብቻ ናቸው። ኒዮቢየም፣ ሩቲኒየምና ሮዲየም ግን ግማሽም ሙሉም ያልሆነ ንዑስ እርከን ለመያዝ ሲሉ ከቅደም ተከተሉ የወጡ ሆነው ይታያሉ። በኃይል ሚዛን ሲታዩ የሚያስደንቁ አይደሉም፤ 4ዲ ከ3ዲ ይልቅ ሰፊ ስለሆነ በውስጡ ያለው መገፋፋት አነስተኛ ነው፤ ኤሌክትሮን ከ5ኤስ ወደ 4ዲ ለመዛወር የሚከፍለው ዋጋም ይቀንሳል።

ከክሮምየምና ከሞሊብዲነም በታች የሚገኘው ተንግስተን ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። አባባሉ 5ዲ⁵ 6ኤስ¹ ይሆናል ቢልም፣ የተለካው 5ዲ⁴ 6ኤስ² ነው፤ ግማሽ የሞላው ሁኔታ በ0.37 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በከባድ አቶሞች ውስጥ ወደ ኑክሌየስ የሚጠጉ የኤስ ኤሌክትሮኖች ፍጥነታቸው እጅግ ከፍተኛ ስለሚሆን፣ በአልበርት አይንስታይን የአንጻራዊነት ትምህርት መሠረት 6ኤስ ይኮማተራል፤ ኃይሉም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ኤሌክትሮን ከእርሱ አውጥቶ ወደ 5ዲ ማዛወር ትርፍ የለውም። ፕላቲነምም ከበላዩ እንዳለው እንደ ፓላዲየም አሥሩን ሞልቶ አይገኝም፤ አደረጃጀቱ 5ዲ⁹ 6ኤስ¹ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ፣ እስካሁን የተነገረው ሁሉ ብቻውን በጋዝነት ስላለ አቶም መሆኑ ነው። በውሁድና በውሃ ውስጥ ሚዛኑ ይለወጣል። አንድ ኤሌክትሮን ያጣ መዳብ 3ዲ¹⁰ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለት ያጣው 3ዲ⁹ ነው። አባባሉ እንዳለው ቢሆን የመጀመሪያው ይጸና ነበር። ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ የሚታወቀው ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ውሕድ የያዘው 3ዲ⁹ን ነው። ሁለተኛውን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 1958 ኪሎጁል በሞል ቢጠይቅም፣ የውሃ ሞለኪውሎች ሁለት ኤሌክትሮኖች ያጣውን አዮን በብርቱ ስለሚከቡት ወጪው ይካካሳል። ክሮምየምም በውሁዶቹ ውስጥ ይበልጥ የሚጸናው ሦስት ኤሌክትሮኖች አጥቶ 3ዲ³ ሲሆን ነው እንጂ ግማሽ በሞላው 3ዲ⁵ አይደለም።

8. ለክፍል ትምህርት የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከዚህ በላይ የተገለጸው ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በሙሉ ይቅረብ ማለት አይደለም። የኳንተም ስሌት ከደረጃው በላይ ነው። ሆኖም ያለ ስሌት የሚደረስባቸው አራት ቁም ነገሮች አሉ።

ሀ) ትምህርቱ ከደንብ ሳይሆን ከቁጥር ይጀምር። ከሃይድሮጅን እስከ አርጎን ያሉትን የአዮናይዜሽን ኃይሎች በሰሌዳ ጽፎ፣ ተማሪዎች በወረቀት ላይ በመስመር እንዲያሳዩዋቸው ማድረግ ይቻላል። ይህ መሣሪያና ኬሚካል አይጠይቅም፤ ቤተ ሙከራው ባልተሟላ ትምህርት ቤትም ይሠራል። መስመሩ የት እንደሚሰበር ተማሪው በዓይኑ ካየ በኋላ ደንቡ መልስ ይሆንለታል፤ አስቀድሞ ከተሰጠው ግን ሸክም ብቻ ነው።

ለ) ጥንዶችን የመቁጠር ዘዴ ይሰጥ። ቀስቶችን በሣጥን ውስጥ መሣል የቻለ ተማሪ ጥንዶችን መቁጠር አያቅተውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው፣ በአውቶቡስ የሚሳፈሩ ሰዎች አስቀድመው ባዶ ወንበር ይመርጣሉ የሚለው ምሳሌ ጥምረት የሚያስከትለውን መገፋፋት ብቻ ያስረዳል፤ ስፒናቸው ለምን አንድ አቅጣጫ እንደሚይዝ ግን አያስረዳም። ምሳሌው ከተጠቀሰ ወሰኑም አብሮ መነገር አለበት።

ሐ) ቅርጽ እንደ ምክንያት አይቅረብ። አልብሬክት ኡንዘልድ እ.ኤ.አ. በ1927 ግማሽ የሞላና ሙሉ የሞላ ንዑስ እርከን የኤሌክትሮን ስርጭቱ ፍጹም ሉላዊ እንደሚሆን አሳይቷል። ከዚህ በመነሣት «ቅርጹ ስለተስተካከለ ይረጋጋል» ማለት የተለመደ ነው። ይሁንና የሶዲየም ብቸኛ የ3ኤስ ኤሌክትሮንም ሉላዊ ነው፤ መረጋጋትን ግን አላስገኘለትም።

መ) የፈተና ጥያቄዎች ከአባባሉ በላይ ይጠይቁ። «የክሮምየም አደረጃጀት ለምን ይለያል?» የሚለው ጥያቄ የተጠናን ዓረፍተ ነገር ብቻ ያስጽፋል። በአንጻሩ «ሶዲየም ግማሽ የሞላ 3ኤስ እያለው ኤሌክትሮኑን በቀላሉ ለምን ይለቃል?» ወይም «ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን ከመስመሩ የወጣው የትኛው ነው? በቁጥር አስረዳ» የሚሉት ጥያቄዎች ማሰብን ይጠይቃሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ይህ ነጥብ የበለጠ ይከብዳል፤ የተጠና የውጭ ቋንቋ ዓረፍተ ነገር፣ ተማሪው ነገሩን ሳይረዳው የተረዳው አስመስሎ ሊያሳይ ይችላልና።

ማጠቃለያ

«ግማሽ የሞላ ንዑስ እርከን የተረጋጋ ነው» የሚለው አባባል ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ የአንድ ሰፊ እውነት አንድ ጠርዝ ነው። እውነቱም ኤሌክትሮኖች የአቶሙን ጠቅላላ ኃይል ዝቅተኛ በሚያደርግ መንገድ የሚደራጁ መሆናቸው ነው። በዚህ ሚዛን ላይ የኑክሌየስ ስበት፣ የኤሌክትሮኖች መገፋፋት፣ የልውውጥ ኃይል፣ የደረጃዎች መራራቅ፣ በከባድ አቶሞችም ዘንድ የአንጻራዊነት ውጤት በአንድነት ይቀመጣሉ። ግማሽ መሙላት ከእነዚህ አንዱ፣ ይኸውም የልውውጥ ኃይል፣ ጎልቶ የሚታይበት ሥፍራ እንጂ ራሱን የቻለ ምክንያት አይደለም። በናይትሮጅን፣ በማንጋኒዝና በክሮምየም ዘንድ ጎልቶ ይታያል፤ በሶዲየም የለም፤ በተንግስተን በሌላ ኃይል ተሸንፏል።

አንድ ተማሪ ይህን ከተረዳ፣ ያልታሰበ ንጥረ ነገር በቀረበለት ጊዜ የሚያወጣው የተጠና ቃል ሳይሆን የሚመዝንበት ሚዛን ይሆናል። የኬሚስትሪ ትምህርት ሊያስጨብጠው የሚገባውም ይህንኑ የመመዘን ልማድ ነው።